ሃይድሮጅኗ የማን ናት? በናይትሮጅን ቀለበቶች ክሪስታል ውስጥ ያልተዘጋው ጥያቄ

በ1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ጄምስ ዋትሰን ካምብሪጅ ውስጥ የዲኤንኤን ቤዞች (የዘር መረጃ የሚጻፍባቸውን ናይትሮጅን ያዘሉ ቀለበቶች) እርስ በርስ ለማጋጠም ይታገል ነበር። እያንዳንዱን ቤዝ ከራሱ ቢጤ ጋር የሚያጣምር ንድፍ አወጣ፤ ንድፉም የተመሠረተው በጊዜው የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በነበሩ ሥዕሎች ላይ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ቢሮ የሚጋራው የክሪስታል መዋቅር አጥኚ ጄሪ ዶናሁ ግን ሥዕሎቹ የተሳሳቱ መሆናቸውን ነገረው። መጻሕፍቱ ከኦክስጅን ጋር ያጣበቋት ሃይድሮጅን ትክክለኛ ቦታዋ የቀለበቱ ናይትሮጅን ላይ ነበር። ዋትሰን ሃይድሮጅኖቹን ወደ ቦታቸው መልሶ፣ የቤዞቹን ቅርጽ ከካርቶን ቆርጦ ሲያጋጥም አዴኒን ከታይሚን፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር ገጠሙ።

ታሪኩን ያነሳሁት ለዲኤንኤ ብዬ አይደለም። ዶናሁ ያረመው ስህተት ዓይነቱ ዛሬም አለ። ናይትሮጅን በቀለበታቸው ውስጥ የያዙ አሮማቲክ ውህዶች (ኤሌክትሮኖችን በጋራ የሚይዙ ጠፍጣፋ ቀለበቶች ያሏቸው) የመድኃኒቶችን፣ የማቅለሚያዎችንና የፀረ-ተባዮችን ሰፊ ክፍል ይይዛሉ። ሲጠጥሩ እንዴት እንደሚደራረቡ በአብዛኛው የሚወስነው አንዲት ሃይድሮጅን የትኛው አቶም ላይ እንዳለችና ወደ ማን እንደምትዘረጋ ነው። አሁን ደግሞ የክሪስታልን መዋቅር ኮምፒዩተር አስቀድሞ እንዲነግረን መጠየቅ ጀምረናል። ስለዚህ ጥያቄው ከድሮው ይልቅ አንገብጋቢ ሆኗል ብዬ አምናለሁ።

ከናይትሮጅኑ ጠባይ እንነሳ። በአሮማቲክ ቀለበት ውስጥ ናይትሮጅን ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው። ከቤንዜን (ነዳጁን ቤንዚን ማለቴ ሳይሆን ባለስድስት ካርቦኑን ቀለበት ነው) አንዱ ካርቦን ከነሃይድሮጅኑ ወጥቶ ናይትሮጅን ሲተካ ፒሪዲን ይገኛል። የፒሪዲን ናይትሮጅን ለትስስር ያልዋለ አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን አለው፤ ጥንዱ በቀለበቱ ጠለል ላይ ሆኖ ወደ ውጭ ያመለክታል። ስለዚህ ይህ ናይትሮጅን ሃይድሮጅን ተቀባይ ነው። ባለአምስት አባሉ ፒሮል ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። የእሱ ናይትሮጅን ጥንድ ኤሌክትሮኑን ለቀለበቱ የጋራ ደመና አስረክቧል፤ የቀረው ወደ ውጭ የወጣች ሃይድሮጅን ናት። እሱ ሰጪ ነው። ሁለቱም በስማቸው ናይትሮጅን ቢሆኑም ክሪስታል ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ተቃራኒ ነው።

ኢሚዳዞል ሁለቱን በአንድ ቀለበት ይዟል፤ አንዱ ናይትሮጅን ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ውጤቱን በቀላል ቁጥር ማየት ይቻላል። ቤንዜን በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፣ ፒሪዲን በ115፣ ፒሮል በ130 ገደማ። ኢሚዳዞል ግን እስከ 256 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ይህ ሁሉ ልዩነት ከሃይድሮጅን ትስስር (የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ተቀባይ አቶም ከምትይዝበት መሳሳብ) ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ ሞለኪውሉ የኤሌክትሪክ ዋልታነቱም ጠንካራ ነው። የትስስሩን ድርሻ ለመለየት ግን አንድ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለ። ናይትሮጅኑ ላይ ያለችውን ሃይድሮጅን አውጥተን በሜቲል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) ብንተካት ሞለኪውሉ ይከብዳል፤ በተለምዶ የከበደ ሞለኪውል በከፍተኛ ሙቀት ይፈላል። ሜቲል የተጨመረበት ኢሚዳዞል ግን በ198 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በክፍል ሙቀትም ፈሳሽ ነው። አንዲት ሃይድሮጅን ስትወጣ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ወረደ ማለት ነው።

በጠጣሩ ኢሚዳዞል ውስጥ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የቀጣዩን ናይትሮጅን ይይዛል፣ የእሱም የሚቀጥለውን፤ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። ሁለቱ ናይትሮጅኖች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ፒራዞል የበለጠ ልብ ይስባል። ሰጪውና ተቀባዩ ስለሚቀራረቡ ፒራዞሎች ሰንሰለትም፣ ጥንድም፣ የሦስትም፣ የአራትም ቀለበት ይሠራሉ፤ የትኛው እንደሚሆን ዳር ላይ የተንጠለጠሉት ቡድኖች ይወስናሉ። ሁለት ሜቲል የተንጠለጠለበት ፒራዞል ሦስት ሦስት ሆኖ ቀለበት ይሠራል። በዚህ ክሪስታል ውስጥ ሦስቱ ሃይድሮጅኖች ከናይትሮጅን ወደ ናይትሮጅን አብረው ይዘላሉ፤ ክሪስታሉ ግን ጠጣር እንደሆነ ይቆያል። ሃይድሮጅኗ የማን ናት ተብሎ ቢጠየቅ እዚህ ላይ መልሱ በተራ የሁለቱም ናት የሚል ይሆናል።

ይህን ዝብርቅርቅ ወደ ሕግ ለማምጣት ትልቁን እርምጃ የወሰደችው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ማርጋሬት ኤተር ናት። በ1990 ባቀረበችው ሥራ የደረሰችበት ሐሳብ በጣም ቀላል ነው። ምርጡ ሰጪ ምርጡን ተቀባይ ይፈልጋል፤ ከዚያ የተረፉት በየደረጃቸው ይጣመራሉ፤ ጥሩ ሰጪና ጥሩ ተቀባይ ባዶ እጁን አይቀርም። በሞለኪውሉ ውስጥ ባለስድስት አባል ቀለበት ሊሠራ የሚችል ትስስር ካለ ደግሞ እሱ ይቀድማል። ኤተር ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ ዕድሜዋ አረፈች፤ ሕጎቿ ግን የክሪስታል ንድፍ የሚያወጣ ሁሉ እስካሁን በመጀመሪያ የሚያነሳቸው ናቸው። በእኔ ግምት በዚህ መስክ ከተጻፉት ሁሉ በጥቂት ቃል ብዙ ያስረዱት እነሱ ናቸው።

ሕጎቹ ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው የሚያሳየው ምሳሌ አሳዛኝ ነው። ሜላሚን ሦስት ናይትሮጅን በቀለበቱ፣ ሦስት ደግሞ በዳር የያዘ ሞለኪውል ነው፤ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። የፕሮቲን መለኪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት ናይትሮጅንን በመሆኑ አጭበርባሪዎች ምግብ ላይ እየጨመሩ ፕሮቲን ያለው አስመሰሉት። ሜላሚን ለብቻው ሲታይ መርዛማነቱ ዝቅተኛ ነው። ሳያኑሪክ አሲድም እንዲሁ። ነገር ግን የሜላሚን እያንዳንዱ ጎን ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ሰጪ ብሎ ይደረደራል፤ የሳያኑሪክ አሲድ ጎን ደግሞ ተቀባይ፣ ሰጪ፣ ተቀባይ ነው። ቁልፍና ቁልፍ ቤት ናቸው። በእያንዳንዱ ጎን ሦስት የሃይድሮጅን ትስስር፣ በአንድ ሞለኪውል ዙሪያ ዘጠኝ፤ ተያይዘው ውኃ የማያሟሟው ጠፍጣፋ መረብ ይሆናሉ። በ2007 በሰሜን አሜሪካ የቤት እንስሳት ኩላሊት ውስጥ የጠጠረው ይህ መረብ ነው። በቀጣዩ ዓመት በቻይና በተበረዘ የሕፃናት ወተት ምክንያት ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፣ ስድስት ሞቱ። እዚያ የሜላሚን ጓደኛ የሆነው በአብዛኛው በሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ነበር፤ እሱም የናይትሮጅን ቀለበት ነው። ለየብቻ እየመረመሩ መርዛማነትን መለካት በቂ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስተምር ነገር አላውቅም፤ ጉዳቱ የነበረው በሁለቱ መገናኛ ላይ ነው።

በቀለም ዓለም ያው ኃይል ሌላ ሥራ ይሠራል። ለመኪና ቀለም የሚያገለግለው ኩዊናክሪዶን ሲሟሟ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ሲጠጥር ግን የናይትሮጅኑ ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክስጅን እየያዘች አንደኛው የክሪስታል መልክ ወይን ጠጅ፣ ሌላኛው ቀይ ይሆናል። ሞለኪውሉ አንድ ነው፤ የተለየው አደራደሩ ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ይህን ሁሉ የምናውቀው በአብዛኛው በኤክስሬይ ነው፤ ኤክስሬይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚደበቅበት ሃይድሮጅን ነው። ኤክስሬይ የሚበተነው በኤሌክትሮኖች ነው። ሃይድሮጅን ያላት አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው፤ እሷንም ናይትሮጅኑ ወደ ራሱ ይስባታል። ስለዚህ በኤክስሬይ የተለካ የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ርቀት በኒውትሮን ከተለካው 1.01 አንግስትሮም በ0.1 ያህል አጥሮ ይታያል (አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው)። ከዚህም የባሰ አለ። ብዙ ጊዜ አጥኚው ሃይድሮጅኗን ከመረጃው ፈልጎ አያገኛትም፤ በቀመር ልትኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ያስቀምጣታል። ካርቦን ላይ ላለች ሃይድሮጅን ይህ ብዙ አይጎዳም። ናይትሮጅን ላይ ግን መዋቅሩ የሚነግረን አጥኚው ቀድሞ ያመነውን ነው። እኔ የመዋቅር ጽሑፍ ሳነብ ከሥዕሉ በፊት የምፈልገው ሃይድሮጅኖቹ እንዴት እንደተቀመጡ የሚገልጸውን አንቀጽ ነው። የናይትሮጅን ሃይድሮጅኖች በነፃነት ተፈልገው ካልተገኙ ስለ ትስስሩ የተጻፈውን በጥርጣሬ አነባለሁ።

ጥርጣሬው የሕግ መዘዝም አለው። አንድ ፒሪዲን ያለበት መድኃኒት ከአንድ አሲድ ጋር አብሮ ሲጠጥር ሃይድሮጅኗ አሲዱ ላይ ከቀረች ውጤቱ ኮክሪስታል ይባላል፤ ወደ ናይትሮጅኑ ከተሻገረች ጨው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 ባወጣው መመሪያ ኮክሪስታልን የዚያው መድኃኒት ሌላ የክሪስታል መልክ እንደሆነ አድርጎ ያየዋል፤ ጨው ግን የተለየ ንጥረ ነገር ነው። ከአንድ አንግስትሮም ያነሰች ሽግግር መድኃኒቱ ፈቃድ የሚጠየቅበትን መንገድ ትቀይራለች። መመሪያው እንደ መነሻ የሚወስደው የመሠረቱን (የሃይድሮጅን ተቀባዩን ውህድ) እና የአሲዱን ፒኬኤ (ሃይድሮጅን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያዝ የሚገልጽ ቁጥር) ልዩነት ነው፤ 1 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጨው ይሆናል ብሎ ይገምታል። በ2012 የወጣ ከ6000 በላይ ክሪስታሎችን የመረመረ ጥናት ግን ነገሩ እንደ ግድግዳ ሳይሆን እንደ ዳገት መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ ከ4 በላይ ሲሆን ጨው፣ ከነጌቲቭ 1 በታች ሲሆን ኮክሪስታል ነው፤ በመሀሉ ግን የሁለቱም ዕድል አለ። መሀል ላይ የሚወድቁት ደግሞ ጥቂት አይደሉም፤ የፒሪዲን ዓይነት ቀለበትና ካርቦክሲሊክ አሲድ ሲገናኙ ብዙውን ጊዜ የሚያርፉት እዚያው ነው።

የመሀሉን መሀል የሚያሳይ ክሪስታልም አለ። ሜቲል ያለው ፒሪዲን ከፔንታክሎሮፌኖል ጋር ሲጠጥር በኦክስጅኑና በናይትሮጅኑ መካከል ያለው ርቀት 2.5 አንግስትሮም ገደማ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች በ2001 በኒውትሮን ሲያዩት ሃይድሮጅኗ ከሙቀቱ ጋር ትንሸራተታለች፤ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ላይ ትክክል በሁለቱ መሀል ትቆማለች። ጨው ነው ወይስ ኮክሪስታል የሚለው ጥያቄ እዚያ ላይ ትርጉሙን ያጣል።

ኒውትሮን የሚበተነው በኒውክሊየስ ስለሆነ ሃይድሮጅንን በግልጽ ያያል፤ ግን ትልቅ ክሪስታልና የኑክሌር ማብላያን የመሰለ ግዙፍ ምንጭ ይፈልጋል። ደግነቱ ሌሎች ምስክሮች አሉ። ፒሪዲን ሃይድሮጅን ሲቀበል የቀለበቱ ማዕዘን በናይትሮጅኑ ላይ ከ117 ዲግሪ ወደ 122 ገደማ ይከፈታል። አሲዱም ሃይድሮጅኗን ሲያጣ፣ የነበሩት አንድ አጭርና አንድ ረጅም የካርቦንና የኦክስጅን ትስስሮች ይስተካከላሉ። እነዚህ የከባድ አቶሞች ርቀቶች ስለሆኑ ኤክስሬይ አሳምሮ ይለካቸዋል። የሃይድሮጅኗን ዱካ የምትፈልግ ከሆነ ጎረቤቶቿን ጠይቅ። ናይትሮጅን 15ን (ከተለመደው ትንሽ የሚከብደውን ናይትሮጅን) የሚከታተለው የጠጣር ኤንኤምአርም (የአቶሞችን ኒውክሊየስ በመግነጢስ የሚመረምረው ዘዴ) ጥሩ ዳኛ ነው። በ2017 ደግሞ ከማይክሮሜትር ባነሱ ክሪስታሎች ላይ በኤሌክትሮን ጨረር የሃይድሮጅን ቦታ መታየቱ ተዘገበ፤ ትልቅ ክሪስታል አልበቅልም ላላቸው ውህዶች ይህ ብዙ በር ይከፍታል።

ኮምፒዩተሩስ? በ1988 የኔቸር መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ጆን ማዶክስ የሞለኪውሉን ቀመር ይዞ ክሪስታሉን መተንበይ አለመቻል ለሳይንስ ነውር ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በካምብሪጅ የሚገኘው የክሪስታል መረጃ ማዕከል ከ1999 ጀምሮ ተመራማሪዎች ያልታተሙ መዋቅሮችን እንዲተነብዩ ይፈትናል፤ የሰባተኛው ዙር ውጤት በ2024 ወጥቷል። የማዕከሉ ስብስብ በ2019 አንድ ሚሊዮን ሞልቷል፤ ሚሊዮነኛውም እንዳጋጣሚ የናይትሮጅን ቀለበት ያለው ውህድ ነበር። እድገቱ እውነተኛ ነው። ፕሮግራሞቹ ትክክለኛውን መዋቅር ከዕጩዎቹ መካከል በብዛት ያገኙታል። የሚቸግረው ደረጃ መስጠቱ ነው። የአንድ ሞለኪውል ሁለት የክሪስታል መልኮች ግማሽ ያህል ጊዜ የሚለያዩት በሞል ከ2 ኪሎጁል ባነሰ ኃይል ነው፤ አንድ ደህና የሃይድሮጅን ትስስር ብቻውን የዚህ አሥር እጥፍ ይመዝናል።

እዚህም ላይ ሃይድሮጅኗ ተመልሳ ትመጣለች። በስፋት የሚሠራባቸው የኳንተም ስሌቶች ኤሌክትሮኖችን ከሚገባው በላይ ይበትናሉ፤ በዚህም ምክንያት በሙከራ ኮክሪስታል መሆኑ የታወቀውን ውህድ ሃይድሮጅኗን አሻግረው ጨው ያደርጉታል። ይህ በ2018 በግልጽ ታይቷል። ዛሬ የማሽን መማሪያ ሞዴሎች በብዛት የሚሠለጥኑት እንዲህ ባሉ ስሌቶች ነው። አስተማሪው የተሳሳተውን ተማሪው በፍጥነት ይደግመዋል። በመረጃ ቋቱ ውስጥ በግምት የተቀመጡ የናይትሮጅን ሃይድሮጅኖች ሲጨመሩበት የዶናሁ ዘመን ስህተት በሚሊዮን ሊባዛ ይችላል። እነዚህ ሞዴሎች ይቅሩ አልልም፤ ጥቅማቸው ትልቅ ነው። የምጠይቀው ናይትሮጅንና አሲድ የሚገናኙባቸው መዋቅሮች ተለይተው በኒውትሮን፣ በኤንኤምአር ወይም በኤሌክትሮን ጨረር እንዲረጋገጡ፣ ሞዴሎቹም መጀመሪያ በእነሱ እንዲፈተኑ ነው።

ትንበያ ለምን እንደሚያስፈልግ ሪቶናቪር ያስታውሰናል። ሁለት የቲያዞል ቀለበት ያለው ይህ የኤችአይቪ መድኃኒት በ1996 ገበያ ላይ ዋለ። በ1998 ካፕሱሎቹ የሟሟነት ፈተና መውደቅ ጀመሩ፤ ማንም ያላየው ሁለተኛ መልክ ተፈጥሮ ነበር። በአዲሱ መልክ ሞለኪውሉ በማይመቸው አኳኋን ይጠመዘዛል፤ በምትኩ ጠንካሮቹ ሰጪዎችና ተቀባዮች ሁሉ ጓደኛ ያገኛሉ፤ ልክ ኤተር እንዳለችው። የበለጠ ስለተረጋጋ ለመሟሟት እምቢ አለ። ያ ጥምዝ አኳኋን በሟሟ ውስጥ ብርቅ ስለሆነ የመጀመሪያዋ ፍሬ እስክትፈጠር ዓመታት ወሰደ፤ ከተፈጠረች በኋላ ግን በደረሰችበት ቤተ ሙከራ የድሮውን መልክ መሥራት አስቸገረ። ካፕሱሉ ከገበያ ወጣ፣ ሕሙማን እንደገና የተቀመመ ምርት እስኪመጣ ድረስ ፈሳሹን መውሰድ ነበረባቸው። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ሦስተኛ መልክ እንዳለው ተዘገበ።

ካርባማዜፒን ደግሞ የተገላቢጦሹ ታሪክ ነው። ይህ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለብዙ ጊዜ በታወቁት አራት መልኮቹ ሁሉ ሁለት ሁለት ሞለኪውል ሆኖ ይጣመር ነበር። ስሌቱ ግን በሰንሰለት የሚያያዝ መልክም ሊኖር ይገባል አለ። በብዙ ሟሟ የተደረገ ሰፊ ፍለጋ አላገኘውም፤ ትንበያው የተሳሳተ መሰለ። በ2011 ተመራማሪዎች ሟሟውን ትተው የካርባማዜፒንን እንፋሎት በሰንሰለት በሚያያዝ ዘመዱ፣ በዳይሃይድሮካርባማዜፒን ክሪስታል ገጽ ላይ አሳረፉት። ሞለኪውሎቹ ከሥራቸው ያለውን ሰንሰለት ተከትለው ተደረደሩ፤ አምስተኛው መልክ ስሌቱ እንዳለው ሆኖ በቀለ።